የቶፉ ሠሪው ድመት አሸዋ ስትቀይር

ቶኩጂ ኢናሞቶ ፀጉር ማስተካከያ ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ወሬው አንድ ነው፤ ቶፉ። ሌሎቹ ደንበኞቼ ስለ ቤዝቦል ያወራሉ፣ ስለ ጉበታቸው ያወራሉ፣ ምራታቸውን ያማሉ። እሱ ግን አንገቱ ላይ ፎጣ ካሰርኩለት ጀምሮ ስለ አኩሪ አተር፣ ስለ ውሃ፣ ሰዉ ዘንድሮ ቶፉ ብሎ ስለሚበላው "ጨው የሌለው ሳሙና" ነው የሚያወራው። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲያርፍ ዝም ይላል። ሳነሳው ካቆመበት ቃል ይቀጥላል።

እዚህ በወደብ ከተማችን ኦኖሚቺ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ መኪና የማይደርስበት የድንጋይ ደረጃ ዳር ትንሽ የቶፉ ሱቅ ነበረችው። ከአባቱ ተረክቦ ትከሻው እምቢ እስኪለው ድረስ ሠራባት። አኩሪ አተሩን ይፈጫል፣ ያፈላል፣ በጨርቅ ይጨምቃል፤ ወተቱን አርግቶ ቶፉ ያደርገዋል። ጨርቁ ውስጥ የሚቀረውን አተላ ለሰፈሩ ሴቶች ለወጥ እንዲሆናቸው በነፃ እፍኝ እፍኝ ያድላል። ሚስቱ ፉሚዬ ባንኮኒው ጋ ቆማ ትሸጣለች፣ ደንበኛ ታስቃለች፤ እሱ ሰው ላይ ሲጮህ ደግሞ ይቅርታ ትጠይቃለች። ይሄ የመጨረሻው ብቻውን አንድ ሙሉ ሥራ ነበር።

ሱቁ ሊዘጋ አካባቢ አንዲት ድመት ሙቀት ፈልጋ በሩ ላይ ተኛች። በማግስቱ ገባ ብላ ተኛች። ከዚያ ወዲያ የሚያስነሳት አልተገኘም። ፀጉሯ የተቆላ አኩሪ አተር ዱቄት ይመስላል፤ ስለዚህ በዱቄቱ ስም ኪናኮ አሏት። ሱቁ ሲዘጋና ልጃቸው ማዮ ለሥራ ኦሳካ ስትገባ፣ ባልና ሚስቱ ሳያውቁት የቤቱ አባወራ ኪናኮ ሆነች። እሷ ስትበላ ይበላሉ፣ እሷ ስትተኛ ቴሌቪዥኑን ይቀንሳሉ።

ኪናኮ የምትጸዳዳበት ሣጥን ውስጥ የሚጨመረው የሸክላ አሸዋ ነበር፤ ውሃ ሲነካው እንደ ሲሚንቶ የሚጠጥር። ጥሩ ነው፣ ሽታ ይይዛል። ግን ሲገለበጥ አቧራው ቤቱን ይሞላል፤ ፉሚዬ ያን ቀን ስትስል ትውላለች። ከዚያም ይከብዳል። የሚሸጠው እታች፣ ከእኔ ሱቅ አለፍ ብሎ ነው፤ ቤታቸው ደግሞ እላይ ነው። ፉሚዬ ከረጢቱን እንደ ሕፃን አቅፋ ደረጃውን ስትወጣ በመስኮቴ አያታለሁ። ላግዝሽ ስላት "አንተ ደንበኛህን ጎፈሬ አድርገህ እንዳትልከው፣ ሥራህን ሥራ" ትለኛለች። ቶኩጂስ? ቶኩጂ ትከሻውን ያመዋል። ትከሻው ደግሞ የሚያመው ከረጢት ሲያይ ነው።

ክረምት ላይ ማዮ ለሙታን በዓል ወደ ቤት ስትመጣ እናቷን ደረጃው መሃል ተቀምጣ አገኘቻት፤ ከረጢቱ ጭኗ ላይ፣ አንድ እጇ ጉልበቷ ላይ። ኦሳካ እንደተመለሰች አንድ ካርቶን ላከች።

ካርቶኑ የደረሰ ዕለት እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ሚስቴ የተዋሰችውን ድስት ልመልስ ወጥቼ። ካርቶኑ ትልቅ ነው፣ ፉሚዬ ግን በአንድ እጇ አነሳችው። ከውስጡ የወጣው ከረጢት ላይ ዓይንና አፍ ያለው ነጭ ቶፉ ተስሏል፤ ይስቃል። አጠገቡ ድመት ተስላለች፤ እሷም ትስቃለች።

"ምንድነው ይሄ?" አለ ቶኩጂ።

"የድመት አሸዋ ነው። ከተፈጥሮ ነገር የተሠራ። አቧራ የለውም፣ ክብደት የለውም ብላለች ማዮ።"

"ታዲያ ቶፉው እዚህ ምን ይሠራል?"

ፉሚዬ እንዳልሰማች ሆና ከረጢቱን በመቀስ ቀደደችው። ቶኩጂ አፍንጫውን አስገባ። ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጧል።

"አኩሪ አተር ነው።"

"አዎ፣ ማዮ እንዳለችው ከ..."

"አተላ ነው! የቶፉ አተላ!"

ከዚያ እኔም ፉሚዬም ሳንደርስበት አንዷን ፍሬ አንስቶ አፉ ውስጥ ከተታት።

"አንተ ሰውዬ! የድመት ሽንት ቤት እኮ ነው!"

"ገና አልተሸናበትም" አለ እያኘከ። ዓይኑን ጨፈነ። "በደንብ አልተጨመቀም። ወተቱ ውስጡ ቀርቷል። የሠራው ሰው ሰነፍ ነው።" ዋጠው። ከዚያ ነው ንዴቱ የመጣው። "ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን ነገር፣ እኔ ቤት፣ እኔ ፊት፣ ድመት ልትሸናበት?"

"ቶፉው ላይ አይደለም የምትሸናው። አተላው ላይ ነው።"

"አተላውስ የማን ዘመድ ነው?"

እኔ ድስቱን አስቀምጬ ውልቅ አልኩ። ደረጃው ላይ እስክደርስ ድምፁ ይከተለኝ ነበር።

ፉሚዬ ግን ከባሏ ጋር የምትከራከር ሴት አይደለችም። ዝም ብላ የምትፈልገውን የምታደርግ ሴት ናት። የሸክላውን አሸዋ ጠራርጋ ጣለች፣ ሣጥኑን አጠበች፣ አዲሱን ሞላችበት። ኪናኮ መጣች። አሸተተች። አንድ እግሯን አስገብታ እርጥብ ነገር እንደረገጠ ሰው አራገፈችው። ከዚያ ፉሚዬን አየቻት፣ ሣጥኑን አየችው፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ሄደች።

ቶኩጂ ደስታውን አልቻለም። "አየሽ? ድመቷ እንኳ ክብር ታውቃለች! የቶፉ ቤት ልጅ ናት!"

ይህን ሲል ኪናኮ እንግዳ መቀበያው ክፍል ገብታ ነበር። እዚያ ክፍል፣ ሌላው ሰው ሥዕል ሰቅሎ አበባ በሚያስቀምጥበት ከፍታ ላይ፣ ቶኩጂ የአባቱን የቶፉ ማርጊያ ሣጥን አስቀምጦታል። ከጥድ የተሠራ ነው፤ ዘይት እየቀባ ያብሰዋል፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያል። ኪናኮ ወጣችበት። ዞር ዞር ብላ ተመቻቸች። የቶፉ ማርጊያ ደግሞ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ታቹ ብስ ነው። በአግባቡ ተንጠፈጠፈ።

ፉሚዬ ይህን ለሚስቴ ስትነግራት ግድግዳ ይዛ ነበር የምትስቀው። "ሰውዬው ተንበርክኮ ሣጥኑን እያጠበ 'አባቴ ይቅር በለኝ፣ አባቴ ይቅር በለኝ' ይላል። እኔ ደግሞ በሩ ኋላ ቆሜ ጨርቅ ነክሻለሁ።"

ሌላ ሰው ቢሆን የዚያኑ ቀን ወደ ሸክላው ይመለስ ነበር። ቶኩጂ ግን ሣጥኑን አጥቦ ሲጨርስ ሌላ ሐሳብ ይዞ ተነሳ። ድመቷ አተላ አልጠላችም፤ የጠላችው መጥፎ አተላ ነው። የአንድ ሰነፍ ሠራተኛ ሥራ ነው የናቀችው። እንግዲያው በደንብ የተጨመቀ፣ በደንብ የደረቀ አሸዋ እሱ ራሱ ይሠራላታል።

ችግሩ አተላ ከየት ይምጣ ነው። ሱቁ ከተዘጋ ቆይቷል። በአካባቢው የቀረው ቶፉ ሠሪ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ኦኩዳ ብቻ ነው፤ ከቶኩጂ በዕድሜ ያንሳል፣ ሁሉንም ነገር በማሽን ይሠራል። ቶኩጂ በዚህ ምክንያት ለዓመታት ሰላምታ ነፍጎታል። መንገድ ላይ ሲያገኘው ባሕሩን ያያል።

አሁን ግን ባልዲ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"ጋሽ ቶኩጂ!" አለ ኦኩዳ ደንግጦ። "ምን እግር ጣለዎት? ደህና ነዎት?"

"አተላ ፈልጌ ነበር።"

"አተላ... ለወጥ ነው? ትንሽ ልቋጥርልዎት?"

"ባልዲ ሙሉ።"

ኦኩዳ ባልዲውን አየ። ሰውየውን አየ። ኩሩ ሰው መሆኑን ያውቃል፤ ቶኩጂ ደግሞ ለድመት ሽንት ቤት ነው ብሎ ከሚናገር ምላሱን ቢቆርጡት ይመርጣል። ኦኩዳ ባልዲውን ሞላው፤ ከዚያ ሳይጠየቅ ከላዩ አንድ ትልቅ ቶፉ በወረቀት ጠቅልሎ አኖረለት፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ "ሲፈልጉ ይምጡ፣ ምንም አይፈሩ" አለው።

ይህ ወሬ ዳገቱን ከቶኩጂ ቀድሞ ወጣ።

ኢናሞቶዎች ተቸግረዋል፤ አተላ እየበሉ ነው ተባለ። በማግስቱ ፉሚዬ በሯን ስትከፍት ጥቅል ጎመን አገኘች። ቀጥሎ ብርቱካን። ቀጥሎ ማን እንዳመጣው የማይታወቅ የደረቀ ዓሣ። እኔም ከሰው አላነስኩም፤ ቶኩጂ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሲመጣ "የዛሬው በእኔ ነው" አልኩት።

"ለምን?"

"እንዲያው... ጎረቤት አይደለን።"

በመስታወቱ ውስጥ አፍጥጦ አየኝ። "አሞሃል እንዴ?"

እሱ ለወሬው ጊዜ አልነበረውም። የፉሚዬን የሥጋ መፍጫ አውጥቶ አተላውን በቀዳዳው እያሳለፈ እንደ ፓስታ ያወርደዋል፣ በቢላ ይከታትፈዋል፣ ጣሪያው ላይ ባለው የልብስ ማስጫ ሰገነት ሰሌን አንጥፎ ያሰጣዋል። መፍጫውን እንዴት አታስፈቅደኝም ብትለው "ሥጋ በየጊዜው ትበያለሽ፣ ይሄ ግን ምርምር ነው" አላት።

የመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ነበር፤ ጥሩ ደረቀ። በሁለተኛው ደመና መጣ። እርጥብ አተላ በሞቃት ደመና ሥር ምን እንደሚሆን እሱ ከሁላችንም ይበልጥ ማወቅ ነበረበት። ጎምዝዞ፣ ሽታው ከባሕሩ ነፋስ ጋር ተባብሮ፣ የጎረቤቱን የእትዬ ሺጌኖን የታጠበ አንሶላ አገኘው።

እትዬ ሺጌኖ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር፣ ጆሮዋ የደከመ፣ አፍንጫዋ ግን ያልደከመ አሮጊት ናት። በግንቡ ላይ ብቅ አለች።

"አንተ ቶኩጂ! ምን ሞቶብህ ነው?"

"ምንም አልሞተም እትዬ! አሸዋ እየሠራሁ ነው!"

"ምን?"

"አሸዋ!"

"አሸዋማ ባሕሩ ዳር ሞልቷል! ሄደህ አታፍስም? ለምን ታገማዋለህ?"

ይህ ሁሉ ገና ምንም አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ቶኩጂ አተላውን ሊያገላብጥ ወደ ሰገነቱ ሲወጣ፣ የዳገቱ ድመት ሁሉ እዚያ ነው። የእኛ ሰፈር ድመት ምን ያህል እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቃል። የቤተ መቅደሱ ግራጫዎች አሉ፤ የእኔ ሱቅ በር ላይ የሚተኛው ጆሮ ቆራጣ አለ፤ ከወደብ ድረስ የወጡ የማይታወቁ አሉ። ሰሌኑ ላይ ወረፋ ይዘዋል ማለት ይቻላል። አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ በጸጥታ ተቀምጦ ባሕሩን ያያል፣ አንዱ ጨርሶ በጥንቃቄ ይቀብራል። አንድም የተጣላ የለም።

ቶኩጂ መጥረጊያ አንስቶ ጮኸ። ድመቶቹ ዞር ብለው አዩትና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ኪናኮ በመስኮቱ መስታወት ኋላ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ትመለከት ነበር። የወረደችው ፉሚዬ በድሮው ከረጢት ውስጥ የቀረችውን የመጨረሻዋን የሸክላ አሸዋ ስታስቀምጥላት ነው። ተጠቀመችባት፤ አሸዋዋም አለቀች።

"ፉሚዬ!" ይላል ቶኩጂ ከላይ መጥረጊያውን እያወናጨፈ። "ያንቺ ድመት ብቻ ናት የማይገባት! ሌላው ሁሉ ወዶታል!"

ፉሚዬ ግን ቤት ውስጥ አልነበረችም። የሸክላ አሸዋ ልትገዛ ወርዳለች።

ያን ጊዜ እኔ ሱቄን እየጠረግሁ ነበር። ከረጢቷን አቅፋ አለፈች፣ እጇን አወዛወዘችልኝ፣ ደረጃውን ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ ቀና ስል መታጠፊያው ጋ ተቀምጣለች። ያረፈች መሰለኝ። ቆይቼ ሳይ አሁንም እዚያው ናት። ወጣሁ።

"ጉልበቴ ተቆለፈ" አለችኝ። ፊቷ ነጭ ሆኗል፣ ግን ፈገግ ትላለች። "ልነሳ ስል እምቢ አለኝ። ሰውዬውን እንዳትጠራው፣ ሥራ ላይ ነው።"

ጠራሁት እንጂ። መጥረጊያውን እንደያዘ፣ ግንባሩ ላይ አተላ ተለጥፎ ወረደ። በመንገዱ ሁሉ ስለ ድመቶቹ እያማረረ ነበር የሚመጣው፤ መታጠፊያው ጋ ደርሶ ሚስቱን ሲያያት ድመቶቹን ረሳ።

እኔ ፉሚዬን ደግፌ አስነሳኋት። ቶኩጂ ከረጢቱን አነሳ። ማለትም ሊያነሳ ሞከረ፣ አስቀመጠው፣ መጥረጊያውን ለእኔ ሰጠኝና በሁለት እጁ እንደገና አነሳው። መውጣት ጀመርን። ጥቂት ሄዶ ቆመና "ዛሬ ደሴቶቹ ጥርት ብለው ይታያሉ" አለ። ደመና ነበር። ጥቂት ሄዶ እንደገና ደሴቶቹን አደነቀ። እቤታቸው በር ስንደርስ ከረጢቱ ላይ ተቀምጦ ላቡን ጠረገ።

"ይሄንን ነው" አለ በመጨረሻ፣ "ይሄንን ነው ስትሸከሚ የኖርሽው?"

"አይ" አለች ፉሚዬ ጉልበቷን እያሸች። "ቅናሽ ሲኖር ሁለት እይዛለሁ።"

እኔ ድመቶቹን የማባረር መስዬ ወደ ሰገነቱ ወጣሁ። ስመለስ ቶኩጂ ወጥ ቤት ገብቶ ሻይ ያፈላ ነበር። እሱ ሻይ ሲያፈላ አይቼ አላውቅም፤ ሻይ ቅጠሉ የት እንዳለ እንኳ ከመኝታ ክፍል ነው ፉሚዬ እየጮኸች የነገረችው።

የዚያን ቀን ከሰዓት ለልጁ ራሱ ስልክ ደወለ። ይህም አዲስ ነው፤ ሌላ ጊዜ ፉሚዬ ታወራና እሱ ከኋላ "ሰላም በያት" ይላል።

"ማዮ፣ ያንቺን አሸዋ ድመቷ እምቢ አለች።"

"አባዬ፣ በአንዴ ቀየራችሁት እንዴ?"

"ታዲያ በስንት ነው የሚቀየረው?"

"ቀስ በቀስ ነዋ! ከድሮው ጋር እፍኝ ደባልቁበት። ስትለምድ ጨምሩ። ከረጢቱ ጀርባ ላይ ተጽፏል እኮ። አላነበብከውም?"

ቶኩጂ ከረጢቱን አገላበጠ። ከሚስቀው ቶፉ በስተኋላ በእርግጥም ተጽፏል። "ቀምሼዋለሁ" አለ።

"ምን አደረግከው?"

"ቻው ልጄ።"

ከዚያ በኋላ ቶኩጂ ሥራውን እንደ ድሮው ያዘ። ጠዋት ተነስቶ እጁን ይታጠባል፣ ከሸክላው እፍኝ ያወጣል፣ ማዮ ከላከችው አተላ እፍኝ ያስገባል፣ በጣቱ ያስተካክላል። ኪናኮ ገብታ ስትወጣ ከኋላዋ ተንበርክኮ ይመረምራል። በመጀመሪያው ሳምንት ጥርጣሬ ነበራት፤ አዲሶቹን ፍሬዎች በእግሯ ወደ ዳር ትገፋለች። እሱ መልሶ ያደባልቃል። ትገፋለች፣ ያደባልቃል። ሁለቱም ግትር ናቸው፤ ፉሚዬ ጉልበቷ ላይ ትኩስ ፎጣ አድርጋ ከወንበሯ ላይ ታያቸዋለች። እየዋለ እያደረ ግን ሸክላው እያነሰ፣ አተላው እየበዛ ሄደ፤ ድመቷ መቼ እንደተሸነፈች ራሷም አላወቀችም።

የመጨረሻው ሸክላ ባለቀ ዕለት ቶኩጂ እየሮጠ ወረደና ሱቄ ገባ። ደንበኛ ይዣለሁ፣ ምላጭ በእጄ ነው።

"ረጋ!" አለ።

"ምኑ?"

"አሸዋው! ሸናችበት፣ ረጋ! ልቅም ብሎ! ጠርዙ ሳይበተን፣ ልክ እንደ ለስላሳ ቶፉ! ያ ሰው ሰነፍ ነው ያልኩት ተሳስቻለሁ፤ ማርጋትስ ይችልበታል!"

ወንበሩ ላይ የነበረው ሰውዬ የሰፈር ሰው አይደለም፤ ቱሪስት ነው። ፀጉሩ ሳያልቅ ሄደ።

የድህነቱ ወሬ ለመጥፋት ጊዜ ወሰደበት። ፉሚዬ ለሚስቴ "በሬ ላይ ጎመን የሚጥለው ማነው? ሰው ምን ሆኗል?" ብላ ስትጠይቃት ነው ነገሩ የወጣው። ሚስቴ እየፈራች ነገረቻት። ፉሚዬ መጀመሪያ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ቀጥሎ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፣ ከዚያ ጎመኑን በሙሉ በጨው ዘፍዝፋ ለየቤቱ አከፋፈለች። ደረቁን ዓሣ ግን ኪናኮ ጨርሳዋለች። እትዬ ሺጌኖ አሁንም አላመነችም፤ ቶኩጂን ባየችው ቁጥር ጮክ ብላ "እየበላህ ነው?" ትለዋለች።

ቶኩጂ ኦኩዳ ዘንድ ሄዶ እውነቱን መናገር ነበረበት። የምርጫ ጉዳይ አልነበረም፤ ፉሚዬ አንገቱን ይዛ ነው የላከችው። ኦኩዳ እስኪጨርስ አዳመጠ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍቶ ሳቀ፤ ሠራተኞቹም ሳቁ። ቶኩጂ ቀይ ሆኖ ሊወጣ ሲል ኦኩዳ "ጋሼ፣ የዛን ቀኑ ቶፉ ግን እንዴት ነበር?" ብሎ ያዘው። ቶኩጂን እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ አልነበረበትም። እስከ ምሳ ድረስ አልወጣም። ውሃው ይፈጥናል፣ እሳቱ ይበዛል፣ ጨርቁ... በማግስቱም ሄደ። ኦኩዳ እስካሁን አንድም ምክሩን አልተቀበለም፤ ግን አንድ በርጩማ አስቀምጦለታል።

ፉሚዬ ጉልበቷ ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ሐኪም ቤት ሄዳ መርፌ ከተወጋች በኋላ ግን ደህና ናት፤ ሳሉ ጠፍቷል። አሁን አሸዋ የሚያመጣው ቶኩጂ ነው። ከረጢቱ ቀላል ነው፣ ልጅ ይሸከመዋል፤ እሱ ግን ደረጃውን በሰው ፊት ሲወጣ ያቃስታል። ፉሚዬ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ሕዝብ መታጠቢያው ትወርዳለች፤ ከሚስቴና ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፋ ስትስቅ ድምፁ መንገድ ላይ ይሰማል። ምን እንዳሳቃቸው እኛ ወንዶቹ አንጠይቅም።